ፈረንሳይኛውን ለአስተማሪዋ ተዪላት፣ አማርኛው ያንቺ ነው

ቅጹን ከመላክሽ በፊት ትንሽ ስሚኝ። ልጅሽን ለመስከረም ቶሮንቶ ውስጥ ፍሬንች ኢመርሽን፣ ማለትም ትምህርቱ በፈረንሳይኛ የሚሰጥበት ክፍል፣ ልታስገቢያት ማሰብሽን ወድጄዋለሁ። ግን የምትጠይቂኝ ሁሉ ስለ ፈረንሳይኛው ነው፤ «እኔ አንድ ቃል አላውቅም፣ እንዴት አድርጌ አስጠናታለሁ?» ትያለሽ። እኔ የምፈራልሽ ሌላ ነገር ነው፤ እመጣበታለሁ። በመጀመሪያ ያንቺን ጭንቀት እናቅልለው።

ይህ ትምህርት ከመነሻው የተዘጋጀው ፈረንሳይኛ ለማይችል ወላጅ ነው። ሞንትሪያል አጠገብ ሴንት ላምበርት በምትባል ከተማ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ወላጆች ልጆቻችን ኩቤክ ውስጥ እያደጉ ፈረንሳይኛ ሳይችሉ መቅረት የለባቸውም ብለው የትምህርት ቦርዱን ወጥረው ያዙ። በ1965 የሙከራው ክፍል በኪንደርጋርተን ተከፈተ። የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዋላስ ላምበርትና ሪቻርድ ታከር ልጆቹን ከዓመት ዓመት ተከታትለው በ1972 ውጤቱን በመጽሐፍ አወጡ። ልጆቹ ፈረንሳይኛውን ያዙ፤ በሒሳብም ከእኩዮቻቸው አላነሱም። የእንግሊዝኛ ንባባቸው መጀመሪያ ቢዘገይም ትምህርቱ ሲጀመርላቸው ደረሱ። ስለዚህ ፈረንሳይኛ አለማወቅሽ እንቅፋት አይሆንባትም።

ከፍራንኮፎን ትምህርት ቤት ጋር ግን አታምታቺው። እሱ የተቋቋመው ፈረንሳይኛ የቤታቸው ቋንቋ ለሆነ ቤተሰቦች ነው፤ መብቱም በካናዳ ሕገ መንግሥት ሰነድ፣ በቻርተሩ አንቀጽ 23 የተጻፈ ነው። ያንቺ ልጅ የምትገባው በመደበኛው የእንግሊዝኛ ቦርድ ሥር ወዳለው ክፍል ነው። በቶሮንቶ የሕዝብ ትምህርት ቦርድ መግቢያው ሲኒየር ኪንደርጋርተን ሲሆን፣ እንግሊዝኛ እንደ ትምህርት የሚጀመረው አራተኛ ክፍል ነው። ማመልከቻው መስከረም ሳይደርስ ከብዙ ወራት በፊት ስለሚገባ ቀኑ እንዳያልፍሽ። የሚሰጥሽ ትምህርት ቤት ከቤትሽ ሊርቅ ስለሚችል የአውቶቡሱን ነገር አሁኑኑ ጠይቂ። ልጅ ትምህርት ሲከብዳት የሚያግዝ ባለሙያ እዚያው መኖሩንም አብረሽ ጠይቂ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ዝምታ አያስደንግጥሽ። አስተማሪዋ በእጇ እያመለከተች፣ በመዝሙርና በሥዕል እየደጋገመች ታናግራቸዋለች። ልጅሽ ቀድማ መስማት ትጀምራለች፤ ኮትሽን ልበሺ፣ ተሰለፊ ሲሏት ይገባታል፤ መልሷን ግን ለጊዜው በእንግሊዝኛ ትሰጣለች። መንገዱ እንዲህ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመጣ በር ላይ ቆመሽ አትፈትኛት። እንግዳ ሲመጣም «እስቲ ፈረንሳይኛሽን አሰሚያቸው» እያልሽ መሃል ቤት አታቁሚያት። ልጅ እንዲህ ስትደረግ የምታውቀውም ይጠፋባታል።

አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ላይ ሌላ ፈተና ይመጣል። የጎረቤትሽ ልጅ እንግሊዝኛ መጽሐፍ ሲያነበንብ ያንቺዋ ትንተባተባለች። ብዙ እናት ተደናግጣ ልጇን የምታስወጣው ያኔ ነው፤ አንቺ ታገሺ። ልጅ በትምህርት ብትደክም እንኳ ጥፋቱን ሁሉ በኢመርሽኑ አታላክኪ። የማክጊሉ ፍሬድ ጄነሲ በጥናቱ ያየው፣ ደከም ያሉ ተማሪዎች በኢመርሽን ክፍል መሆናቸው በእንግሊዝኛ ክፍል ካሉት መሰሎቻቸው የባሰ እንደማያደርጋቸው ነው። የመስማት ወይም የንግግር ችግር ከጠረጠርሽ ግን ሳትውዪ ሳታድሪ አስመርምሪያት።

ተስፋሽንም በልኩ አድርጊው። ኦንታሪዮ ለኢመርሽን ተማሪ እስከ ስምንተኛ ክፍል መጨረሻ ቢያንስ 3,800 ሰዓት ፈረንሳይኛ ትመድባለች። ይህ ብዙ ነው። ሆኖም የቶሮንቶዋ ተመራማሪ ሜሪል ስዌን እንዳስተዋለችው ልጆቹ ሰምተው በመረዳት በጣም ይበረታሉ፤ በመናገርና በመጻፍ ግን ወደኋላ ይቀራሉ፣ አፋቸውን የሚፈቱበት ዕድል ያንሳቸዋልና። ስለዚህ ፈረንሳይኛ የምትናገርበት ቦታ ፈልጊላት። ከኮንጎ፣ ከካሜሩን፣ ከጅቡቲ የመጡ ቤተሰቦች ጎረቤትሽ ካሉ ከልጆቻቸው ጋር አጫውቻት። የቤተ መጻሕፍቱን የፈረንሳይኛ ተረት ሰዓት ተጠቀሚ፤ ቴሌቪዥን ካየችም የፈረንሳይኛውን ጣቢያ የቲ ኤፍ ኦን የልጆች ዝግጅት ክፈቺላት።

አሁን ወደምፈራልሽ ልምጣ። የሴንት ላምበርት ልጆች አፍ መፍቻ እንግሊዝኛ ነበር። እንግሊዝኛ መንገዱም፣ ሱቁም፣ ቴሌቪዥኑም ያለው ቋንቋ ስለሆነ ልጁ ቀኑን ሙሉ በፈረንሳይኛ ቢማርም አይሞትበትም። የልጅሽ የቤት ቋንቋ ግን አማርኛ ነው። «አፍ መፍቻቸው አልተጎዳም» የሚለው ውጤት ስለ እንግሊዝኛ የተነገረ እንጂ ለአማርኛ ዋስትና የሚሰጥ አይደለም። ራሱ ላምበርት በነባሩ ላይ የሚጨመር ቋንቋና ነባሩን የሚገፋ ቋንቋ እንዳለ ለይቶ አስተምሯል። የእኛ ልጆች ቀን በፈረንሳይኛ፣ በእረፍት ሰዓት በእንግሊዝኛ ይውላሉ፤ ማታ ቤት ሲገቡ እኛም በእንግሊዝኛ ከተቀበልናቸው አማርኛው የሚኖርበት ሰዓት የለውም።

ስለዚህ ቤትሽ ውስጥ በአማርኛ ጽኚ። በእንግሊዝኛ ብትመልስልሽም አንቺ በአማርኛ ቀጥዪ፤ አትቆጫት፣ አታሹፊባት። ትምህርት ቤት ስለ ቢራቢሮ ከተማሩ ማታ እንቁላሉ እንዴት አባጨጓሬ እንደሚሆን በአማርኛ አጫውቻት። ነገሩ አንዴ ከገባት በሌላው ቋንቋ የሚቀራት ስሙን መያዝ ብቻ ነው። ከመተኛቷ በፊት ተረት ንገሪያት። ለአያቷ ስትደውዪ ስልኩን ለሷ ስጪያትና ተነሺ፤ መሃል ገብተሽ አታስተርጉሚ። ወይ ከቤተ ክርስቲያን፣ ወይ ከማኅበረሰቡ የቅዳሜና እሁድ የአማርኛ ክፍል ካለ አስመዝግቢያት፤ አማርኛ የሚናገሩ እኩዮች እንዳሏት ትየው።

ቅጹን ላኪው፤ ውሳኔሽ ጥሩ ነው። ለፈረንሳይኛው አስተማሪ፣ ክፍልና በጀት ተመድቦለታል። ለአማርኛው ግን ካንቺና ከአባቷ በቀር የተመደበ የለም። ባልሽን ዛሬ ማታ አነጋግሪውና መስከረም ሳይደርስ ጀምሩት።