በሐይቅና በአምባሰል ገበያ ስለ ብርና ስለ ወረቀት ገንዘብ

በ1909 ዓ. ም. ምድር ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ ቢገባም፥ ለሐይቅና ለአምባሰል ሰው የንግድ ጕዞ እስከ 1928 ዓ. ም. ድረስ በበቅሎና በአህያ ነበር። ነጋዴው የደጋ እህል ጭኖ ወደ ባቲ ይወርዳል፤ ከአፋሮችም ጨው ገዝቶ ይመለሳል።

መገበያያውም የማርያ ቴሬዛ ብር ነበረች፤ ክብደቷ 28 ግራም ያህል ነው። ሻጭ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጥ ሳይመረምር፥ ድምፅዋንም ሳይሰማ አይቀበላትም፤ ያረጀችውን ይመልሳታል። ጭቅጭቁ ቀኑን ይፈጅ ነበር፤ ነገር ግን ያለ ምክንያት አልነበረም፤ የገንዘቢቱ ዋጋ በውስጧ ያለው ብር ነበርና።

ጠላት በ1928 ዓ. ም. ደሴን ከያዘ በኋላ በሐይቅና በውጫሌ የሚያልፈውን የአሥመራ መንገድ አሠራ፤ ለቀን ሠራተኛም ሊሬ ይከፍል ነበር። ገበሬው ግን ወረቀቱን ስለ ጠረጠረ እህሉን በብር መሸጥ መረጠ። ስለዚህ ሊሬ የተቀበለው ሠራተኛ ደመወዙ በእጁ ሳለ ለእህል መግዣ አነሰው። የሚያስገርመው፥ ኢጣልያ ራሷ አስቀድማ በ1927 ዓ. ም. የብሯን ቅርጽ ከኦስትሪያ ተቀብላ በሮም ማርያ ቴሬዛን ታሠራ ነበር።

በ1937 ዓ. ም. የኢትዮጵያ መንግሥት አዲሱን የወረቀት ገንዘብ ሲያወጣ፥ የ50 ሳንቲሙን ከብር ማሠራቱ ይህን የሕዝብ ልማድ አውቆ ነው።