ቤተሰብና ባህል በጥገኝነት ጥያቄ ያላቸው ስፍራ



መልአኩ ቅዱስ ዮሴፍን ወደ ግብፅ እንዲሰደድ ባዘዘው ጊዜ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ እንዲሄድ ነገረው (ማቴ. 2፡13)። ስደቱ ቤተሰቡን አልለያየም። ር.ሊ.ጳ. ፒዮስ 12ኛም እ.ኤ.አ. በ1952 ባወጡት ሐዋርያዊ ድንጋጌ የናዝሬትን ቤተሰብ የስደተኛ ቤተሰብ ሁሉ አርአያ አድርገው አቅርበዋል። ከልጆቻችን ብዙዎቹ በአውሮፓ ጥገኝነት ስለሚጠይቁ፣ ጥያቄያቸውን የትኛው አገር እንደሚመለከት መረዳት ይገባናል።

1. የሕጉ ሥርዓት

እ.ኤ.አ. በ1990 በደብሊን የተፈረመው ውል አንድ ጥያቄ በአንድ አገር ብቻ እንዲታይ ወሰነ። በ2003 እና በ2013 ሌሎች ደንቦች ተተኩ፤ በ2024 የጸደቀው አዲስ ደንብም ከ2026 አጋማሽ ጀምሮ እንዲሠራበት ተወስኗል። የ2013ቱ ደንብ መመዘኛዎቹን በተራ ሲዘረዝር ቤተሰብን አስቀደመ፤ ያለ ፈቃድ የተገባበት አገር ከዚያ በኋላ ይመጣል። ነገር ግን የጣት አሻራ በመዝገብ ሲቀመጥ፣ የዝምድና ማስረጃ በበረሃና በባሕር ይጠፋል። ስለዚህ በጣሊያን አሻራውን የሰጠ ሰው በስዊድን ካለችው ባለቤቱ ተለይቶ ሊቀር ይችላል።

2. የርኅራኄው አንቀጽ

ደንቡ ለአዋቂ ሰው «ቤተሰብ» የሚለው በተለይ የትዳር ጓደኛንና ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆችን ነው። በእኛ ባህል ግን ያሳደገች አክስትም እናት ናት። ስለዚህ አንቀጽ 17 ቤተሰባዊና ባህላዊ ምክንያቶችን በመመልከት፣ ዘመዳሞችን ለማገናኘት አንዱ አገር ሌላውን እንዲጠይቅ ፈቀደ። ባለ ጉዳዮቹ በጽሑፍ መስማማት አለባቸው። አንቀጹ ይፈቅዳል እንጂ አያስገድድም፤ በዚህም ምክንያት ፍጻሜው በሰዎች በጎ ፈቃድ ላይ ይመሠረታል።

3. የእኛ ድርሻ

የቁምስናችን የጥምቀትና የተክሊል መዝገብ በጥንቃቄ ይጠበቅ። ዛሬ ተራ የሚመስለው ገጽ ነገ እናትንና ልጅን የሚያገናኝ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችንም ዘመዳቸው የት እንዳለ ገና በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ እንዲናገሩ እንምከራቸው። የሌለ ዝምድና መፍጠር ግን እውነትን ይበድላል፤ እውነተኞቹንም ተጠርጣሪ ያደርጋል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. የቁምስናችን መዝገብ የተሟላ ነውን?
ለ. በመካከላችን ከቤተሰቡ ተለይቶ የሚኖር እንግዳ ማን ነው? ምን አደረግንለት?