የዐጸዳችን ደን ተተኪ አለውን?

አዳም በገነት ሲሾም ማልማትና መጠበቅ የተባሉ ሁለት ሥራዎች ተሰጥተውታል (ዘፍ. 2፡15)። አባቶቻችንም ዙሪያው ወደ እርሻና ወደ ግጦሽ ሲለወጥ ጽዱን፣ ወይራውን፣ ዝግባውንና ዋንዛውን በቅጥረ ቤተ ክርስቲያን ጠብቀው አቆይተውልናል። ይህ ደን ለልጅ ልጆቻችን እንዲደርስ ምን ይጠበቅብናል?

ጥናቱ ምን ያስተምረናል?

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እሸቴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባካሄዱት ጥናት 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ይህ የአባቶችን ጥበቃ የሚያስመሰግን ነው።

በሌላ ጥናት ከዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ሲመረመር ግን አሳሳቢ ነገር ተገኝቷል። የአብዛኞቹ ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር በአፈር ውስጥ ተከማችቶ አይቆይም። ስለዚህ እናቲቱ ዛፍ ስትወድቅ የሚተካት ከወዲሁ በቅሎ የቆመ ችግኝ ነው። ያንን ችግኝ ደግሞ ወደ ዐጸዱ የሚገቡ ከብቶች ይበሉታል፤ ይረግጡታል።

በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናታቸው ጽድን፣ ወይራንና ጥቁር እንጨትን ጨምሮ የአራት ዛፎችን ዘርና ችግኝ በታጠረና ባልታጠረ ቦታ አነጻጽሯል። ከብት በማይገባበት ቦታ ዘሩ በተሻለ ሁኔታ በቅሏል፤ ችግኙም በሕይወት ቆይቶ አድጓል።

እኛም በየአጥቢያው ስንዘዋወር ከሩቅ ግርማው የሚማርክ ደን፣ ከሥሩ ግን አንድም ለጋ ችግኝ የሌለበት ዐጸድ አይተናል። ለበዓል ንጹሕ እንዲሆን በሚል በጎ አሳብ ቁጥቋጦው ከነችግኙ ሲመነጠርም ተመልክተናል። እንዲህ ያለው ደን አረጋውያን ብቻ የቀሩበትን ቤት ይመስላል።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ቅጥር እንሥራ። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ ምእመናን ከማሳቸው ለቅመው ባወጡት ድንጋይ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ደናቸውን አጥረዋል፤ ማሳቸውም ለእርሻ ተመችቷል። ቅጥሩ ከዛፎቹ ጠርዝ ጥቂት ወጣ ቢል ደኑ የሚሰፋበት ቦታ ያገኛል።

ሁለተኛ፣ ከከብት ባለቤቶች ጋር አስቀድመን እንመካከር። ግጦሽ ለጠበበው ገበሬ ቅጥሩ ቀላል ነገር አይደለም። ሣሩን በተወሰነ ጊዜ፣ ችግኙን ሳይነካ፣ አጭዶ እንዲወስድ ቢፈቀድለት የሥራው ተባባሪ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ለገቢ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ከነባሩ ደን ተለይቶ ይተከል። ወፎች የወይራንና የጽድን ፍሬ እየበሉ ዘሩን ስለሚበትኑም መጠለያቸው አይመንጠር።

ለሰበካ ጉባኤ ውይይት

ከቅዳሴ በኋላ በጋራ ወደ ዐጸዱ ግቡ። 10 እርምጃ በ10 እርምጃ የሆነ ቦታ ለክታችሁ የአገር በቀል ችግኞችን ቁጠሩ፤ ቁጥሩንም በቃለ ጉባኤ አስፍሩ። በየዓመቱ በዚያው ወቅትና በዚያው ቦታ ደግማችሁ ስትቆጥሩ ደኑ ተተኪ እያገኘ መሆኑን ታውቃላችሁ። ከብት የሚገባው በየት በኩል ነው? ቅጥሩን ለመጀመር የሚያስፈልገው ድንጋይ በማን ማሳ ይገኛል?

አባቶቻችን ደኑን ከመጥረቢያ ጠብቀውታል። እኛም ከከብት ጥርስ እንጠብቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።