ብዙ ቋንቋ በአንድ ክፍል፦ ለልጆቻችን ጉዳት ነው ወይስ ጥቅም?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልጆቻችሁ ነው። አንዳንድ ወላጅ፣ «ልጄ የክፍሉን ቋንቋ አያውቅም፤ ይስቁበታል። ከብት ቢጠብቅልኝ ይሻላል» ይላል። እንዲህ ብላችሁ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ጽሑፍ አንብቡ። ማንበብ ላልቻለ ጎረቤታችሁም አንብቡለት።

1. ልጆቹ እንዴት ተቀላቀሉ?

በገበያ፣ በጋብቻና በሥራ ፍለጋ ሕዝባችን ከጥንትም ተቀላቅሏል። ደግሞም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁና በረሃቡ ምክንያት ወደ 600,000 የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጎጃም እንዲሰፍር ተደረገ። ብዙው ሳይወድ ነው የሄደው። የሰፋሪው ልጅና የአገሬው ልጅ ግን በአንድ ወንዝ ከብት አጠጡ፤ በአንድ ክፍልም ተቀመጡ።

2. ልጅ ከዚህ ምን ያተርፋል?

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ውሃ» ብዬ ጻፍኩ። ሁሉም አነበበ፤ አንድ ልጅ ግን ዝም አለ። «በእናንተ ቤት ምን ትሉታላችሁ?» አልኩት። «ቢሻን» አለ። ሌላዋ ቀበል አድርጋ፣ «እኛ ቤት ማይ ነው» አለች። ወላይታው ሃታ፣ ሲዳማው ዋ፣ ሶማሌው ቢዮ ይለዋል። ነገሩ አንድ፣ ስሙ ብዙ! ይህ የገባው ልጅ ቃልን ማመዛዘን ይለምዳል፤ በሌላው አነጋገር መሳቅንም ይተዋል። ያ ዝምተኛ ልጅ ከዚያ ወዲህ እጁን ማንሣት ጀመረ።

3. የቤቱ ቋንቋ አይጣል

ልጅ በሚሰማው ቋንቋ ፊደል ሲቆጥር ቶሎ ይገባዋል። አንዴ ማንበብ ከቻለ ደግሞ ሁለተኛው ቋንቋ ይቀለዋል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ5 ቋንቋዎች ተነሥቶ ኋላ 15 ቋንቋዎች የደረሰው ለዚሁ ነው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲም አንደኛ ደረጃን ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ አዟል።

4. ከእርሻ እንማር

በትግራይ ገበሬው ገብስና ስንዴ ቀላቅሎ ይዘራል፤ ሃንፈጽ ይሉታል። ዝናብ ቢያጥር ገብሱ ይደርስለታል፤ ዝናብ ቢያምር ስንዴውም ይሰጠዋል። ይህን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ክፍልም እንዲሁ ነው። የእንሰት አገር ልጅ ስለ እንሰት፣ የጤፍ አገር ልጅ ስለ ጤፍ ይናገራል፤ ሁለቱም ያልነበራቸውን እውቀት ይዘው ቤት ይገባሉ።

5. ምን እናድርግ?

ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አታስቀሩ። በቤት ቋንቋችሁን አውሩለት፣ ተረት ንገሩት። በልጆች አነጋገር የሚሳለቅ ካለ መምህሩን አነጋግሩ። የእናንተም ልጅ በሌላው እንዳይስቅ ምከሩት።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. በቀበሌያችሁ ስንት ቋንቋ ይነገራል?
ለ. በቋንቋ ምክንያት ቤት የቀረ ልጅ አለ? ማን ሄዶ ወላጆቹን ያነጋግር?
ሐ. «ውሃ»ን በምታውቁት ቋንቋ ሁሉ ጻፉ።