ከገቢው በላይ ደመወዝ የሚከፍል ክለብ

የእንግሊዝን እግር ኳስ የሚከታተለው የከተማችን ወጣት ስለ ፕሪሚየር ሊጉ ዋንጫ ሲከራከር ያመሻል። ቻምፒዮንሺፕ ስለሚባለው ሁለተኛው እርከን ግን ብዙም አያነሣም። እኔ ግን ስለ ገንዘብ መማር ለሚሻ ሰው ከላይኛው ይልቅ የታችኛው ሊግ የተሻለ ትምህርት ይሰጣል እላለሁ።

ለመሆኑ አንድ ድርጅት 100 ብር አስገብቶ ለደመወዝ ብቻ 107 ብር ቢከፍል ምን እንለዋለን? በ2018/19 የውድድር ዘመን (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቻምፒዮንሺፕ ክለቦች በድምሩ ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሜዳው ጥገና፣ የጉዞውና የዝውውሩ ወጪ ገና አልተነካም። ጉድለቱን የሚሞላው የባለቤቱ ኪስ ወይም ብድር ነው።

ይህን የሚያደርጉት ሒሳብ ስለማያውቁ አይደለም። ወደ ፕሪሚየር ሊግ ማደግ ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ እንደሚያስገኝ ይገመታል። ከዚያ የወረዱት ደግሞ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ከቴሌቪዥኑ ገንዘብ ድርሻ ይደርሳቸዋል። ይህን የማያገኘው ክለብ ከእነርሱ እኩል ለመፎካከር ሲል የሌለውን ያወጣል። አንዱ ደመወዝ ሲጨምር ሌላውም ይጨምራል፤ የሚያድጉት ግን በየዓመቱ ሦስት ብቻ ናቸው።

በ2019 የመጨረሻዋን የማደጊያ ቦታ ለመያዝ በዌምብሌይ የተገናኙት አስቶን ቪላና ደርቢ ካውንቲ ሁለቱም ከገቢያቸው በላይ ያወጡ ነበሩ። ቪላ ከአንድ ዓመት በፊት ግብር መክፈል አቅቶት ሊፈርስ ሲቃረብ ግብጻዊው ባለሀብት ናሴፍ ሳዊሪስና አሜሪካዊው ዌስ ኤደንስ ደረሱለት። ደርቢ ስታዲየሙን ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ዋጋ ለገዛ ባለቤቱ ኩባንያ ሸጦ ሒሳቡን አሳመረ፤ ቪላም ቆይቶ ይህንኑ አደረገ። (ከቀኝ ኪስ አውጥቶ ወደ ግራ ኪስ ማለት ይኸው ነው!) ቪላ 2 ለ 1 አሸንፎ አደገ። ደርቢ በ2021 ዕዳውን መክፈል አቅቶት በአስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ፤ 21 ነጥብ ተቀነሰበት፤ በ2022ም ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ያገኙት 55 ነጥብ ግን ላለመውረድ ከበቂ በላይ ነበር።

ሰዎች የቪላን ድፍረት፣ የደርቢን ዕብደት ይሉታል። በእኔ አስተያየት ግን ሥራቸው አንድ ነው፤ የለያቸው የ90 ደቂቃ ውጤት ነው። ታዲያ ይህ ከቁማር በምን ይለያል?

ይበልጥ የሚያስቆጨኝ ዕዳው የሚከፈልበት ተራ ነው። በሊጉ ደንብ መሠረት የከሰረው ክለብ በውድድሩ ለመቀጠል የተጫዋቾችንና የሌሎች ክለቦችን ገንዘብ በሙሉ መክፈል አለበት። ምግብ ያቀረበው፣ ቧንቧ የጠገነው፣ ወረቀት ያተመው አነስተኛ ነጋዴ ከተረፈው ይካፈላል። ውርርዱን ሳይገባበት ኪሳራውን ይሸከማል።

ደንብማ አለ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ39 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰር ያስቀጣል። በ2025 ደግሞ የእንግሊዝ ፓርላማ ክለቦችን የሚቆጣጠር ገለልተኛ አካል በሕግ አቋቁሟል። በዚያው ዓመት፣ እንደ ደርቢ ሁሉ ስታዲየሙን ለባለቤቱ የሸጠው ሼፊልድ ዌንስደይ የተጫዋቾቹንና የሠራተኞቹን ደመወዝ ደጋግሞ ካዘገየ በኋላ በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ 12 ነጥብም ወዲያው ተቀነሰበት።