መክሳትና መመንመን

በእኛ ሰፈር ሰው ድንገት ከከሳ «ያ በሽታ ይዞት ነው» ይባል ነበር፤ አነጋገሩ ዛሬም ፈጽሞ አልጠፋም። ክብደት ልቀንስ ስል እማዬ «ልጄ ተይ፣ ሰው ምን ይላል?» አለችኝ።

ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒት ከምንወስድ ወጣቶች መካከል ግን ክብደታችን የጨመረ አለን። ዛሬ በስፋት የሚታዘዘው ዶሉቴግራቪር በአንዳንድ ሰዎች ላይ ክብደት እንደሚጨምር በጥናት ታውቋል። ታዲያ «መድኃኒቱን ባቆመው እከሳለሁ» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ይህ ራስን ለመመንመን አሳልፎ መስጠት ነው፤ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደገና ይራባል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል።

እኔ የጀመርኩት ክኒኔን በሰዓቱ እየወሰድኩ፣ ለጤና ባለሙያዋ ነግሬና ተመዝኜ ነው። እንጀራ አልተውኩም፤ ሁለቱን አንድ አደረግኩ፣ ጎመንና ምስር ጨመርኩ፣ ለስላሳውን በውኃ ተካሁ። (ጾም ያከሳል የምትሉ፣ ሳምቡሳና የተጠበሰ ድንችም የጾም ምግብ ናቸው!)

እንቅስቃሴው ጂም መግባት አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይመክራል፤ በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን 30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ማለት ነው። አንድ ፌርማታ ቀድሞ ከታክሲ መውረድም ይቆጠራል። በሳምንት ከግማሽ እስከ 1 ኪሎ መቀነስ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መቸኮል አያስፈልግም።

ሳትሞክሩ ክብደታችሁ ከቀነሰ ግን፣ በተለይ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለበት፣ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ።