ማዮማ በላፓራስኮፒ ከወጣ በኋላ ማርገዝ

ማዮማዋን (የማህፀን ዕጢዋን) በላፓራስኮፒ ያስወጣች ሴት ብዙ ጊዜ በማግስቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ቤቷ ትገባለች። እምብርቷ አጠገብና በሆዷ ግራና ቀኝ የሚቀሩት ጠባሳዎች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጡም። ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ሥራ ትገባለች፤ አማትም ዘመድም «እንግዲህ ድነሻል፣ ልጁስ?» ማለት ይጀምራሉ። ጠባሳው ግን አያታልላችሁ፤ ትልቁ ቁስል ያለው ውስጥ ነው።

ሐኪሙ ሆዱን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ነፍቶ በቀዳዳዎቹ ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያ ያስገባል። የማህፀኑን ጡንቻ ሰንጥቆ ማዮማውን ከተቀበረበት ፈልቅቆ ያወጣል። ብርቱካን የሚያህል ማዮማ ሲወጣ ብርቱካን የሚያህል ጉድጓድ ይቀራል። ጉድጓዱ ከሥር ጀምሮ ድርብ በድርብ መሰፋት አለበት። ደም ለማቆም ሲባል በኤሌክትሪክ ብዙ የተተኮሰ ጡንቻ ደግሞ በደንብ አይገጥምም፤ በመስፋት የተካነ ሐኪም የሚመረጠው ለዚህ ነው። ማህፀኑ ጽንስ ተሸክሞ መለጠጥ እስኪችል አብዛኞቹ ሐኪሞች ከ3 እስከ 6 ወር ጠብቂ ይላሉ። እስከዚያው የወሊድ መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል።

ማዮማ ሁሉ እርግዝናን አይከለክልም። ይበልጥ የሚያስቸግረው ወደ ማህፀኑ ክፍተት የገባው ነው፤ ይህም ትንሽ ከሆነ ሆድ ሳይነካ በማህፀን በር በኩል ይወጣል። ወደ ውጭ ያደገው ለመፀነስ እምብዛም እንቅፋት አይሆንም። በጣሊያን ሐኪሞች ተሠርቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሆዳቸው ተከፍቶና በላፓራስኮፒ የታከሙ ሴቶችን አነጻጽሮ ነበር፤ ከሁለቱም ወገን ያረገዙት ከግማሽ በላይ ናቸው፣ ልዩነቱም ኢምንት ነው። ላፓራስኮፒ ሕመምንና የማገገሚያ ጊዜን ይቀንሳል፤ የመፀነስን ዕድል ግን በዕድሜም፣ በማህፀን ቱቦዎቿ ጤንነትም፣ በባልየው የዘር ፍሬም መመዘን ያስፈልጋል። ባልየውን ሳይመረምሩ ሚስቲቱን ብቻ ማመላለስ ትክክል አይደለም።

ካረገዘች በኋላ የሚፈራው የስፌቱ መተርተር ነው። የሚደርሰው ከመቶ በአንዷ ወይም ከዚያ ባነሱ ሴቶች ላይ ነው፤ ሲደርስ ግን ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው፣ ምጥ ሳይጀምርም በመጨረሻዎቹ ወራት ሊከሰት ይችላል። ድንገተኛና የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ራስ ማዞር ወይም የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ ካለ እስኪነጋ አይጠበቅም። ጡንቻው በጥልቀት ከተቆረጠ ወይም የማህፀኑ ክፍተት ከተከፈተ ሐኪሞች ምጥ ሳይመጣ፣ በ37ኛው ወይም በ38ኛው ሳምንት በኦፕራሲዮን ያዋልዳሉ። በቀጭን ግንድ ወደ ውጭ የተንጠለጠለ ማዮማ ብቻ የወጣላት ሴት ግን በምጥ መውለድ ትችላለች።

ይህን ሁሉ የሚወስነው የኦፕራሲዮኑ ሪፖርት ነው። ስንት ማዮማ ወጣ? ምን ያህል ጥልቀት ነበረው? ክፍተቱ ተከፍቷል? ህንድ ወይም ታይላንድ ሄዳ ታክማ አዲስ አበባ ወይም ጎንደር የምትወልድን ሴት የሚያዋልደው ሐኪም ይህን በግምት ሊደርስበት አይችልም። ስለዚህ ከሆስፒታል ሳትወጣ ግልባጩን ተቀብላ፣ በስልኳም ፎቶ አንስታ፣ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ታሳይ። ክትትሏም መውለጃዋም ቀዶ ሕክምና በሚሰጥ ሆስፒታል ይሁን፤ ቤቷ ሩቅ ከሆነም በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሆስፒታሉ አቅራቢያ ዘመድ ቤት ትረፍ።